ሦስቱ ጥቁር ቀለበቶች

ሰው መጠርጠር የጀመርሁት በስምንት ዓመቴ ነው፤ ያስጀመረችኝም እናቴ ናት። እስከ ዛሬ ሻጭ ከሳቀልኝ ዓይኔ ሚዛኑ ላይ ነው፤ ሰው ደጋግሞ ከማለልኝ እጄ ወደ ቦርሳዬ ይሄዳል። ልጆቼ «እማዬ ጥላዋንም አታምን» ይሉኛል። ይበሉ። እነሱ የኔን ሁዳዴ አላዩ።

አባቴ ሐብተ ማርያም ሾፌር ነበር። ጣሊያን ከወጣ ሃያ ዓመት አልፏል፤ ጎንደር ውስጥ የቤት ማኪና ያለው ሰው ግን በጣት ይቆጠራል። አባቴ የሚነዳት ክሬም ቀለም የተቀባች ትንሽ ማኪና የእመት ለተ ማርያም ነበረች። እመት ለተ ማርያም ባለ ርስት፣ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ቅዳሴ የማያስታጉሉ ትልቅ ሴት ናቸው። ማኪናዋን ልጃቸው ከአዲስ አበባ ላከላቸው እንጂ እሳቸው በበቅሏቸው ደስተኛ ነበሩ። ገብተው በተቀመጡ ቁጥር የሚሏት አንድ ነገር አለች።

«ሐብተ ማርያም፣ ይቺ ቆርቆሮ በደጀ ሰላም ያዋረደችኝ ዕለት እሸጣታለሁ። ወደ በቅሎዬ እመለሳለሁ።»

አባቴ ይስቃል። እናቴ አምሳል ግን አትስቅም። ማኪናዋ ከተሸጠች አባቴ ሥራ የለውም፤ ቀሐ ወንዝ አጠገብ፣ በእመት ግቢ ውስጥ ያለችው ቤታችንም ለሾፌሩ የተሰጠች ናትና እሷም አብራ መሄዷ ነው። እናቴ ይህን በጣቷ እየቆጠረች ትነግረኝ ነበር።

አባቴን የማይወዱት ሰው የእናቴ አባት ናቸው፤ መሪጌታ ወልደኢየሱስ። አባቴ የሳቸው የቅኔ ተማሪ ነበር። ልጃቸውን የዳሩለትም ቅኔውን አይተው ነው። እሱ ደግሞ አግብቶ ዓመት ሳይሞላው ቅኔውን ትቶ ማኪና መንዳት ተማረ። «ልጄን ለካህን ሰጠሁ ብዬ ለጭስ ሰጠኋት» ይሉ ነበር አያቴ፤ እሱ እየሰማ።

ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ ማኪናዋ ከሥሯ መንጓጓት አመጣች። ድንጋይ ስትረግጥ የሆነ ብረት ይንቀጫቀጫል። አባቴ ወደ እስላሞቹ ሰፈር ወደ አዲስ ዓለም፣ ወደ መካኒኩ ወደ ዐብዱረሕማን ሊወስዳት ሲነሣ እናቴ እጄን ይዛ ወደ ጓዳ ጎተተችኝ።

«አብረሽው ሂጂ። ዓይንሽን ክፈቺ፣ አፍሽን ዝጊ። ያች ሸምሲያ የምታደርገውን አይተሽ ትነግሪኛለሽ።»

ሸምሲያ የዐብዱረሕማን እኅት ናት። እናቴ በምን እንደ ጠረጠረቻት ጠይቄ አላውቅም። ሴትዮዋ ቆንጆ ነበረች፤ ለእናቴ እሱ ይበቃታል።

ዐብዱረሕማንን አያ ዐብዱ እንለዋለን። ክሪኩን ከማኪናዋ ሥር አስገብቶ አነሣት፣ በድንጋይ አስደገፋት፣ ጆንያ አነጠፈና በጀርባው ተንሸራቶ ገባ። አባቴም ገባ። ከውጭ የቀረው አራት እግር ብቻ ነው። ብረት በመዳፍ ሲመታ እሰማለሁ።

«ይኸውልህ፤» ይላል አያ ዐብዱ። «አንተው ዳስሰው። ድርቅ ብሏል። ስታጥፈው አፉን ይከፍታል። ሁለቱ ሞተዋል። ሦስተኛዋም ብዙ አትከርም።»

«ውይ፤» ይላል አባቴ። «ለእመት ምን ልበል እንግዲህ?»

«አስመራ ልላክና በአውቶቡስ ይምጣ። እስከዚያ ቀስ እያልህ ንዳ።»

ሁለት ሰው ሞቶ ሦስተኛው እያጣጣረ በጀርባቸው ተኝተው ያወራሉ ብዬ ክው አልሁ። ያን ጊዜ ጎንበስ ብዬ አይቼ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ። የማኪና ጭስ የሚወጣበት ቱቦ፣ ሰዎቹ ማርሚታ የሚሉት፣ ከማኪናዋ ሆድ ጋር በብረት አይታሰርም፤ እንዳይንጓጓ በጎማ ይንጠለጠላል። የሞቱት እነዚያ ጎማዎች ናቸው። እኔ ግን የተላክሁት ሸምሲያን ልይ ነበርና ማኪናዋን ማን ያያታል!

ሸምሲያ ቅርንፉድ የገባበት ሻይ ይዛ ወጣች። አባቴ ከማኪናዋ ሥር ሆኖ እንደ ልማዱ ዜማ ያንጎራጉራል። እሷ ሰማችና ሳቀች። ብርጭቆውን ስታቀብለው ዳግመኛ ሳቀች። ፊቱን በግራሶ አጥቁሮ ብቅ ሲል ደግሞ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ለኔም ሻይ ሰጠችኝ፤ ስኳሩ በዛ። ስኳር ያበዛ ሰው ምን ፈልጎ ነው ብዬ ግማሹን ተውሁት።

ቤት ገብቼ «ሦስት ጊዜ ሳቀች» አልኋት ለእናቴ።

«ሦስት ጊዜ? ጥርሷ እስኪታይ?»

«እስከ ድዷ።»



ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ፣ ከቅበላ በፊት ዓርብ ዕለት፣ ከአባቴ ጋር እንደገና አዲስ ዓለም ሄድሁ። አያ ዐብዱ የሰው ጭነት ማኪና ተሰብራ ማክሰኝት ሄዷል፤ ነገ ይመለሳል ተባለ። ሸምሲያ ግን ከቤት አንድ ጥቅል ይዛ ወጣችና በሁለት እጇ ለአባቴ ሰጠችው። «በመጨረሻ መጣልህ!» አለችው። አባቴ ፊቱ በርቶ ተቀበላትና ከኮቱ የውስጥ ኪስ ከተተው። በመንገድ ላይ እንዲህ አለኝ፤

«የኔ ልጅ፣ አዲስ ዓለም ሄድን ብለሽ ለእናትሽ እንዳትነግሪ። ጦር ትሰብቅብኛለች።»

በቃ። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ እፈልጋለሁ?

አባቴ ኮቱን ሰቅሎ እመት ዘንድ ሲወጣ፣ እናቴም ውሃ ስትወርድ፣ በርጩማ ላይ ቆሜ ጥቅሉን አወጣሁት። ሦስት ጥቁር ቀለበቶች። ለጣት የሚሆኑ አይደሉም፤ እያንዳንዱ የእጄን አንጓ ይዞርና ይተርፋል። ወፍራም፣ ስጫናቸው ታጥፈው የሚመለሱ፣ መድኃኒት መድኃኒት የሚሸቱ። የተጠቀለሉበት ወረቀት ላይ ከዳር እስከ ዳር የዓረብ ጽሕፈት።

እኔ የካህን የልጅ ልጅ ነኝ። ክታብ ምን እንደሆነ፣ ሰው ተጽፎበትና ተደግሞበት እንዴት ትዳሩን እንደሚጥል፣ የአያቴ ተማሪዎች ሲንሾካሾኩ ስሰማ ነው ያደግሁት። የሳቀች ሴት፣ የተደበቀ ጥቅል፣ ጽሕፈት ያለበት ወረቀት፣ ሦስት ጥቁር ቀለበት፤ ለሦስቱ ሳቅ ሦስት! መስተፋቅር ነው። አባቴ ሊወሰድብን ነው። አላለቀስሁም፤ ምን እንደሚደረግ አውቃለሁ።

ቀለበቶቹን በቀሚሴ ቋጥሬ ወደ ቀሐ ወረድሁ። የጥምቀቱ ውሃ ወደ ወንዙ ይወርዳል ብዬ አምን ስለነበር ከመጠመቂያው በታች ያለውን ቦታ መረጥሁ። አንዱን «በስመ አብ» ብዬ ወረወርሁ፣ ሁለተኛውን «ወወልድ»፣ ሦስተኛውን «ወመንፈስ ቅዱስ»። ቁልቁል ሰመጡ። ጭስ ወይም ጩኸት ጠብቄ ነበር፤ ምንም የለም። ወረቀቱን ግን መጣል ፈራሁ። አያቴ «ጽሕፈት የማንም ይሁን አይረገጥም፣ አይጣልም» ይሉ ነበር። አጣጥፌ ከመኝታዬ በላይ ካለው የግድግዳ ስንጥቅ ውስጥ ወሸቅሁት።

በማግሥቱ አባቴ ኮቱን ሲያራግፍ፣ ኪሱን ሲገለብጥ፣ ሳጥን ሥር ሲያጎነብስ አረፈደ።

«ምን ጠፋህ?» አለች እናቴ።

«ምንም።»

«ምንም የጠፋው ሰው የኪሱን ገበር አይገለብጥም።»

 በኋላ እናቴ ስትወጣ ጠብቆ ፊት ለፊቴ ቁጢጥ አለና በለሆሳስ «ይመኙሽ፣ ክብ ክብ፣ ጥቁር ነገር አይተሻል?» አለኝ። እንዲያ ዝቅ ብሎ አናግሮኝ አያውቅም። ሊያታልለኝ ነው ብዬ ጠነከርሁ።

«በመድኃኔ ዓለም አላየሁም!»

ትንሽ አየኝና ራሴን ዳስሶ ተነሣ። በዚያው አዲስ ዓለም ሄዶ ዋለ።

ሰኞ ሁዳዴ ገባ። ማክሰኞ አባቴ ሲመጣ ኮቱ ሸተተን። እናቴ ከመስቀያው አወረደችና አፍንጫዋ ላይ ያዘችው፤ ከዚያ ለኔ ሰጠችኝ።

«አሽቺ። ምን ይላል?»

«ጥብስ ይላል።»

መሬት ላይ ዝርፍጥ አለች። ነገሩ ቀላል እንዳይመስላችሁ። በዚያ ዘመን አብረን እናመሻለን፣ አብረን ለቅሶ እንደርሳለን እንጂ ሥጋችን ለየብቻ ነው። ክርስቲያን የእስላም ቤት ሥጋ በላ ማለት ሃይማኖቱን ተወ ማለት ነበር። ያውም በሁዳዴ! እናቴ ምሳውን ለብቻው አቀረበችለት። «ምነው አምሳል?» ሲላት «የበላኸውን አንተ ታውቃለህ» አለችው። «ሽሮ ነው የበላሁት፤ ሌላ የት አገኛለሁ?» ሲል ሁለታችንም ፊታችንን አዞርን። እኔ ግን ከሷ ይልቅ የገረመኝ ሌላ ነው፤ መስተፋቅሩን ወንዝ ጥዬዋለሁ፣ ታዲያ ምነው አልረከሰ? ሴትዮዋ ብርቱ ናት አልሁ።

ሽታው ግን በየቀኑ ባሰ። በሁለተኛው ሳምንት ዓርብ ደብራችን ቅዳሴ ወጣ። ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል። ከትናንት ማታ ጀምሮ እህል ያልቀመሰ ሕዝብ ከቅጥሩ ሲወጣ፣ አባቴ እመትን ሊቀበል ማኪናዋን አስነሥቶ ደጀ ሰላሙ አጠገብ ቆሟል። ነፋሱ ወደኛ ነበር። በመጀመሪያ አንድ ዲያቆን ምራቁን ሲውጥ አየሁ። ከዚያ ሁለት ሴቶች ተያዩ። «ኧረ ማነው የሚጠብስ፣ እግዚኦ!» አለ አንዱ። እመት ለተ ማርያም የማኪናዋን በር ይዘው፣ ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ አደረጉ።

ሰው ሁሉ ወደ አባቴ ዞረ። አያቴ መቋሚያቸውን እየተመረኮዙ መጡና ኮቱን ጎንበስ ብለው አሸተቱ። ቀና ሲሉ እኔን ፈለጉ።

«ይመኙሽ፣ ነይ ወዲህ። ልጅ አይዋሽም። አባትሽ የት ነው የሚውለው?»

እናቴ አጠገቤ ናት። አታግደኝ ይሆን ብዬ አየኋት፤ መሬት መሬት ታያለች። ተናገርሁ።

«አዲስ ዓለም። ሸምሲያ ቤት። ኮቱ ሁልጊዜ ሥጋ ሥጋ ይላል።»

ስለ ቀለበቶቹ አልተናገርሁም። ኪስ መፈተሼን ብናገር የሚገርፉኝ እኔን ነው፤ ለዚህ ለዚህ ብልጥ ነበርሁ።

 አንዲት ሴት አማተበች። አባቴ ሞተሩን አጠፋና ወረደ። ነጠላውን አውልቆ አጣጠፈና ከሰው ሁሉ ለይቶ ለኔ አስያዘኝ። ከዚያ በጾም ነጭ ልብሱ አፈሩ ላይ በጀርባው ተኝቶ ከማኪናዋ ሥር ገባ። ቢላዋ ሲፋቅ ሰማን። ከዚያ ቱቦው መሬት ላይ ወድቆ ጮኸ፤ ሰው ሁሉ ወደ ኋላ አፈገፈገ። አባቴ ሲወጣ በመሐረብ የያዘው የሚጨስ፣ የጠቆረ ነገር አለ።

«ያሸተታችሁት ይህን ነው፤» አለ። «የማርሚታው ጎማ ቢጠፋ አያ ዐብዱ በእርጥብ ጠፍር አሰረው። ቱቦው ሲግል ጠፍሩ ያርራል። ሌላ ነገር የለም።»

አያቴ ተቀበሉት። እሳቸው ዕድሜያቸውን ሙሉ ብራና ሲፍቁ የኖሩ ሰው ናቸው። ጫፉን ሰብረው አሸተቱና «ቆዳ ነው፤» አሉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። «ሥጋ አይደለም። ሰውየው ንጹሕ ነው።»

ሕዝቡ በሳቅ ፈነዳ። እናቴ እየሳቀች አለቀሰች። እኔ ግን እስከ ዛሬ የማልለቀው አንድ ጥርጣሬ አለኝ። ስልሳ ዓመት ቆዳ የያዘ አፍንጫ ገና ኮቱን ሲያሸት ያርር የነበረው ምን እንደሆነ አላወቀም? ካወቀስ ለምን ጠራኝ? አያቴ ሞተዋል፤ አይጠየቁም።

እመት ለተ ማርያም አልሳቁም።

«ለካስ በጠፍር ታስራ ነው የምታንፈላስሰኝ!» አሉ። «ሐብተ ማርያም፣ ጎማው ከአስመራ መጥቷል፣ ተገጥሟል ብለኸኝ የለም እንዴ?»

«ብዬዎታለሁ እመቴ።»

«የት ገባ ታዲያ?»

አባቴ ወደኔ ዞረ። ነጠላውን አቅፌ ቆሜያለሁ። 

«ጣልሁት እመቴ፤» አለ። «ከኪሴ ወደቀብኝ። ሌላ አዝዣለሁ፤ እስኪመጣ ብዬ ዋሸሁዎት።»

እመት የማሉትን አያጥፉም። በዚያው ሳምንት ማኪናዋ ተሸጠች፤ እኛም ሳይፈሰክ ቤቱን ለቀን ወጣን። እናቴ ድስቱን ተሸክማ፣ አባቴ አልጋውን፣ እኔ የአባቴን ኮት። አሁንም ሥጋ ሥጋ ይላል።

ይህን ልጽፈው ሳስብ የምፈራው ቀጥሎ ያለውን ነው፤ እንግዲህ ይውጣልኝ። እኔ አልተጸጸትሁም። «ጣልሁት» ሲል ውሸቱን በጆሮዬ ሰማሁ፤ ጥቅሉን አልጣለውማ! መስተፋቅሩን ሊሸፍን ይዋሻል አልሁ፤ ጎማ እያለ የሚያወራው ሌላ ነገር፣ የኔ ቀለበት ሌላ ነገር ነበር። አባቴ ወደ ማክሰኝት እህል የሚያመላልስ የጭነት ማኪና ይዞ ሳምንት ሳምንት ሲጠፋ «ሸምሲያ ጋ ነው» እል ነበር በሆዴ። ሸምሲያ ግን በዚያው ዓመት ተድራ መተማ ወርዳለች፤ ይህንም የሰማሁት አድጌ ነው። ከመንገድ ሲመጣ ሸንኮራ ያመጣልኛል፤ እቀበለዋለሁ፣ ዓይኑን ግን አላየውም። እንዲህ እያልሁ አደግሁ፣ ተማርሁ፣ አስተማሪ ሆንሁ፣ ወለድሁ። አባቴንም ጦርሁት፤ ግን ከሩቅ ሆኜ።

ሠላሳ ሁለት ዓመት አልፎ፣ እኔም አንድ ያረጀች ማኪና ገዝቼ፣ ከሥሯ መንጓጓት ጀመረች። ማራኪ የሚባለው ሰፈር ላለ ጋራዥ ወሰድኋት። መካኒኩ ክሪክ አስገብቶ አነሣትና «መምህር፣ ጎንበስ ብለው ይዩት፤ ኋላ አጭበረበረኝ እንዳይሉ» አለኝ። ጠርጣራ መሆኔን ሰምቷል። ጎንበስ አልሁ። ቱቦውን በመዳፉ መታ መታ አደረገው፤ ተወዛወዘ። «ይሄን የያዙት ጎማዎች ናቸው። ሁለቱ ሞተዋል፤ ሦስተኛውም አይከርምም» አለ። ከዚያ ከሳጥኑ አዲሶቹን አውጥቶ እጄ ላይ ዘረገፋቸው።

ሦስት ጥቁር ቀለበቶች። መድኃኒት መድኃኒት ይሸታሉ። ስጫናቸው ታጥፈው ተመለሱ።

«መምህር፣ ምነው? ውሃ ላምጣ?» ይላል ልጁ። አሮጌ የእግር ጎማ ላይ አስቀመጠኝ መሰለኝ። «አንድ ጨምርልኝ» አልሁት።

አባቴ እዚያው ቀሐ፣ ኋላ በገባባት ቤት ደጅ ፀሐይ ይሞቃል። ዓይኑ ከደከመ ቆይቷል። አጠገቡ ተቀምጬ ቀለበቱን መዳፉ ላይ አኖርሁለት። ጣቱን በውስጡ አዞረ፣ አጠፈው፣ ለቀቀው፣ በጥፍሩ ስንጥቅ ፈለገ፣ አሸተተው።

«ሸጋ ጎማ ነው፤» አለ። «የማርሚታ ነው።»

«አባዬ፣ ያኔ…»

«አውቃለሁ።»

«ምኑን ነው የምታውቀው?» አልሁት፤ ያን ጊዜም ጠርጥሬ።

«ወረቀቱን ግድግዳ ውስጥ ወሽቀሽ ጫፉን ውጭ አስቀርተሽው ነበራ። አውጥቼ አየሁት፤ የሳሙና ማስታወቂያ ነው። መልሼ አስገባሁት። ኋላ ብጠይቅሽ በመድኃኔ ዓለም ማልሽ። ደግሜ ብጠይቅሽ ደግመሽ ልትምይ ነው፤ የልጅ መሐላ ላበዛብሽ ነው ብዬ ተውሁት።»

«ደጀ ሰላሙ ላይ ምነው ታዲያ ዝም አልህ? ቤታችን ሲሄድ!»

«ምን ልበል? ያ ሁሉ ካህን ቆሞ፣ አያትሽ ቆመው፣ ልጄ ሌባ ናት፣ በሐሰትም ምላለች ልበል? ማኪናስ ሌላ አላጣም።»

ቀለበቶቹን ምን ብዬ ወንዝ እንደጣልኋቸው ነገርሁት፤ መስተፋቅሩን፣ ሸምሲያን፣ ሦስቱን ሳቅ። «ሸምሲያ? እሷማ ዜማዬ ተበላሽቶ ነው የምትስቅብኝ!» አለና እስኪያስለው ሳቀ። እኔ አለቀስሁ። እንደ ልጅነቴ ጉልበቱ ላይ ተደፍቼ፣ ሰው ይየኝ አይየኝ ሳልል አለቀስሁ። በአንድ እጁ ራሴን ይዳስሳል። በሌላ እጁ ቀለበቱን ያገላብጠዋል።

«ይመኙሽ፤» አለኝ ቆይቶ።

«አቤት አባዬ።»

«የጠፉኝ ሦስት ነበሩ። ሁለቱስ?»